የማለዳው ዳዊት

ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር በብርድ የምትነቃ ከተማ ናትና፥ ማልዶ ተነሥቶ መጽሐፍ መግለጥ ለሥጋ አይመችም። እኛም በጸሐፊነት ሥራችን መዝገብ በዛብን እያልን ዳዊት መድገሙን ብዙ ወራት ትተነው ነበር።

በዚያው ወራት አንዲት ባልቴት ከኮምቦልቻ አቀበቱን ወጥተው የፍርድ ግልባጭ ቢጠይቁን፥ «አልደረሰም፤ ሌላ ቀን ነይ» ብለን፥ እናታችን የሚሆኑትን ሴት አንቺ ብለን ሰደድናቸው። ማታ ወረቀቱን ስንሰበስብ ግልባጩ ተጽፎ አልቆ ከእጃችን ሥር ተገኘ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደንም፤ በማግሥቱ ዳዊታችንን ከማኅደሩ አወጣነው።

አባቶቻችን 150ውን መዝሙር ለሰኞ ከ1 እስከ 30፥ ለማክሰኞ ከ31 እስከ 60 እያሉ በየዕለቱ የመደቡት፥ ልቡ ሲፈቅድ ብቻ የሚጸልይ ሰው ውሎ አድሮ ጨርሶ እንደሚተወው ስላወቁ ይመስለናል። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ምዕት ዓመት ባስተማሩበት በጎረቤታችን በሐይቅ እስጢፋኖስ ለሚኖር መነኩሴ ሰባቱ የጸሎት ጊዜያት ሥርዐቱ ናቸው። ባለ ሥራና ባለ ልጆች ግን ይህን ሁሉ ልፈጽም ቢል በሦስተኛው ቀን ይሰለቻል። ለእርሱ አንድ ንጉሥ፥ ይኸውም ዐሥር መዝሙር፥ ይበቃዋል። በሚሲዮን ትምህርት ቤት እንደ ለመድነውም ካነበቡ በኋላ ጥቂት ዝም ብሎ ማሰብ ይጠቅማል። የቄስ ትምህርት ቤት ጓደኞቻችን ይህን ዝምታ ስንፍና ይሉታል፤ ይበሉት።

ባልቴቲቱ በሳምንቱ ተመልሰው መጡ። ተነሥተን ወንበራችንን ለቀቅንላቸውና፥ «እማማ፥ ይቅር ይበሉን፤ ያን ቀንም ተጽፎ ነበር» አልናቸው። ግልባጩን በነጠላቸው ጠቅልለው፥ ሳይቀመጡ፥ ምንም ሳይመልሱልን ወጡ።