ላዩ የውድድር ወንበር፣ ውስጡን ለቄስ!

ማዝዳ ኤምኤክስ-5 የምትባለው ባለ ሁለት ወንበር ስፖርት መኪና ለዓለም የታየችው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። የመጀመሪያዎቹ ዛሬ ከ30 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ሞተራቸው አሁንም ይሠራል፤ ወንበራቸው ግን አርጅቷል። ስፖንጁ ሰምጧል፣ ልብሱ ተቀዷል። ባለቤቱ ታዲያ ምን ያደርጋል? ስልኩን ያወጣና ቀይ ስፌት ያለው፣ የታዋቂ ድርጅት ስም የተለጠፈበት፣ ዋጋው ግን ከእውነተኛው በእጅጉ ያነሰ «የውድድር ወንበር» ያዛል። ፎቶ ያነሳል። ጓደኞቹ ያጨበጭባሉ።

ወንበር ግን ጌጥ አይደለም! ግጭት ሲደርስ ሰውን የሚያተርፉት ወንበሩ፣ ቀበቶው፣ የራስ መደገፊያውና ከወለሉ ጋር ያሰሩት ብሎኖች ተባብረው ነው። አንዱ ከከዳ ሌሎቹ ብቻቸውን አያድኑም።

የዓለም አቀፉ አውቶሞቢል ፌዴሬሽን 8855-1999 የተባለው የውድድር ወንበር መለኪያ፣ ተፈትኖ ላለፈ ወንበር እንኳ በመደበኛው የሚሰጠው ዕድሜ ከተመረተበት ጀምሮ 5 ዓመት ነው። ማን እንደሠራው የማይታወቅ ኮፒስ ስንት ዓመት ይቆያል? መልስ የለም፤ የፈተነው የለምና። ስቲከር መለጠፍ ግን ማንም ይችላል።

«እውነተኛውን ብገዛስ?» የሚል ይኖራል። እሱም ቢሆን ጣጣ አለው። ጎንና ጎኑ ከፍ ያለ ወንበር፣ የመኪናው የራሱ ቀበቶ ዳሌ ላይ በትክክል እንዳያርፍ ሊያደርግ ይችላል። ቀበቶ ከዳሌ አጥንት ወጥቶ ሆድ ላይ ካረፈ፣ በግጭት ጊዜ የሚጎዳው የውስጥ አካል ነው። ጭራሽ ባለ አራት ነጥብ የውድድር ቀበቶ የሚያስሩም አሉ፤ ያውም ጣሪያዋ ሸራ በሆነ መኪና፣ ከመገልበጥ የሚከላከል የብረት አጥር ሳይኖር። መኪናዋ ብትገለበጥ ሰውየው ጎንበስ ማለት እንኳ አይችልም፤ ቀጥ ብሎ እንደታሰረ መሬቱን በራሱ ይቀበላል።

ታዲያ ምን ይሻላል? ብዙ ጊዜ መልሱ እዚያው መኪናው ውስጥ አለ። ፋብሪካው ከቀበቶው ጋር አስማምቶ የሠራውን ወንበር ማደስ፦ ስፖንጁን መቀየር፣ ልብሱን ማሰፋት፣ የዛገውን ብሎን መለወጥ። መቀየር የግድ ከሆነ ደግሞ፣ ወንበሩን ከነማሰሪያው ለዚያው መኪና ከሠራ የታወቀ አምራች መግዛት። ገንዘቡ ካልበቃ መታገስ ይቻላል፤ አሮጌ ልብስ ማንንም አልገደለም።

ነገሩ የባህር ማዶ ቅንጦት ብቻ እንዳይመስል። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ከልክላለች። እዚህ ያሉት አሮጌዎች እየታደሱ ይኖራሉ፤ ወንበራቸውም ይቀየራል። ያኔ ጋራዥ ውስጥ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ቀለሙ ምን ይሁን?» ሳይሆን «በምን ታሰረ?» መሆን አለበት።

ሞተር ቢጠፋ ሰውን መንገድ ዳር ያቆማል። ወንበር ቢነቀል ግን ሌላ ጊዜ አይሰጥም።