ዝናቡ የእግዜር ነው፤ ጭቃውስ?

አምና ሐምሌ ላይ አጎቴን ልጠይቅ ገጠር ወረድኩ። ጤፍ ከተዘራ ገና ሳምንቱ ነበር። ማሳው ላይ የጠበቀኝ ግን ቡቃያ ሳይሆን ግራጫ፣ ልስልስ ያለ ጭቃ ነው። ከማሳው በላይ፣ ኮረብታው ወገብ ላይ የድንጋይ ካባ አለ። ሌሊቱን የጣለው ዝናብ የካባውን ትቢያና የተገፈፈውን አፈር ጠራርጎ አምጥቶ እዚያ አራግፎታል። የጤፍ ዘር ምን ያህል ደቃቅ እንደሆነች ታውቃላችሁ። ጣት የሚያህል ደለል ከለበሰች በቃ፣ አትወጣም።

አጎቴ አልጮሁም። «ልጄ፣ ዝናቡስ የእግዜር ነው፤ ጭቃው የማን ነው?» አሉኝ።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ኢኮኖሚክስ ስማር ይህን ያህል አጭር ማብራሪያ አላገኘሁም። ክፍል ውስጥ «ኤክስተርናሊቲ» የምንለው ይሄው ነው፦ ትርፉ አንዱ ኪስ ይገባል፣ ወጪው ጎረቤት ላይ ይወድቃል። ጠጠር ስንገዛ የናፍጣውን፣ የማሽኑንና የሠራተኛውን እንከፍላለን። የአጎቴ ጤፍ ግን ሂሳቡ ውስጥ የለም።

ካባው ድረስ ወጥቼ ስጠይቅ አንዱ ኃላፊ «ምን እናድርግ፣ የተፈጥሮ አደጋ ነው» አለኝ። እስቲ እናስላው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ካሬ ሜትር መሬት ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። አንድ ከባድ ዝናብ 40 ሚሊ ሜትር ቢጥል 1 ሄክታር ላይ 400 ሺህ ሊትር ይወርዳል። 10 ሺህ ሊትር በሚጭን ቦቴ ስናሰላው 40 ቦቴ! ሣርና ቁጥቋጦ ያለበት መሬት ከዚህ ውስጥ ብዙውን ይመጠዋል። የተገፈፈና የገልባጭ መኪና ጎማ የደለደለው መሬት ግን አብዛኛውን ቁልቁል ይለቀዋል። ዝናቡ ተፈጥሮ ነው፤ መሬቱን ራቁቱን ለክረምት ማሳደር ግን የሰው ውሳኔ ነው።

መፍትሔውም የተሰወረ አይደለም። አንደኛ፣ ንጹሑ ውሃ መጀመሪያውኑ ካባው ውስጥ አይግባ። ከበላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ከተቆፈረ ከኮረብታው የሚመጣው ውሃ ከጭቃው ሳይገናኝ ዞሮ ያልፋል። ድንጋይ የሚፈነቅል ኤክስካቫተር ያለው ድርጅት ቦይ መቆፈሪያ አጣሁ ሊል አይችልም። ሁለተኛ፣ ዘንድሮ የሚቆፈረውን ያህል ብቻ መግፈፍ፣ የተገፈፈውንም አፈር ከውሃ መውረጃ አርቆ ከምሮ ሣር ማልበስ ነው።

ሦስተኛው ከካባው የሚወጣውን ውሃ በድንጋይ ክትር እያበረዱ ደለል ማስቀሪያ ገንዳ ውስጥ ማሳረፍ ነው። ብዙዎች የሚያጭበረብሩት እዚህ ላይ ነው። የሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ የምታህል የአሸዋ ቅንጣት በረጋ ውሃ ውስጥ 1 ሜትር ለመስጠም 2 ደቂቃ ገደማ ይበቃታል። የሚሊ ሜትር ሁለት ሺህኛ የምታህለው የሸክላ አፈር ቅንጣት ግን 3 ቀን ገደማ ትፈልጋለች። ስለዚህ ገንዳው ጠባብ ከሆነ ወይም የአምናው ደለል ካልተጠረገ ለይስሙላ ነው። ውሃው በአንድ በኩል ደፍርሶ ገብቶ በሌላው ደፍርሶ ይወጣል። ካላመናችሁ ከጎርፍ በኋላ የወንዝ ውሃ በላስቲክ ጠርሙስ ቀድታችሁ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት። አሸዋው ወዲያው ይዘቅጣል፤ ድፍርሱ ግን በማግስቱም አይጠራም።

«ደለል እኮ ከእርሻም ይመጣል» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው። ግን ገበሬው በየዓመቱ በጋ ላይ ያለ ክፍያ ወጥቶ እርከን ይሠራል። የኮንሶ ሕዝብ የእርከን መልክዓ ምድሩን በ2003 ዓ.ም. ዩኔስኮ መዝገብ ላይ ያሰፈረው በድንጋይና በእጅ ነው። ታች ያለው ገበሬ ውሃ ሲያሰክን ላይ ያለው ካባ ጎርፍ ቢለቅበት ምን ዓይነት ፍርድ ነው?

ሁለተኛው መከራከሪያ ይከብደኛል። ብዙ ካባዎች ላይ የሚሠሩት እንደኔና እንደናንተ ያሉ፣ በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች ናቸው። ካባው ይዘጋ ማለት እነሱን ሥራ ማስፈታት ነው። እኔም ይዘጋ አልልም። የምለው ቦዩና ገንዳው ልክ እንደ ናፍጣ የምርት ወጪ ተደርጎ ይታሰብ ነው። ማኅበሩ አቅም ከሌለው ፈቃድ ሰጪው ቦታውን ሲያስረክብ ቦዩን አስቆፍሮ ወጪውን ከሽያጭ ቀስ እያለ ይቀበል። ለአቅመኞቹ ደግሞ ሕጉ አለ። የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ስለ አካባቢ ተጽዕኖ ግምገማም፣ ለአካባቢ ማገገሚያ ገንዘብ ስለመመደብም ደንግጓል። የጎደለው ሰኔ ሳይገባ ቦታው ድረስ ሄዶ «ቦዩ የታለ?» የሚል ሰው ነው። ጎርፉ ካለፈ በኋላ ኮሚቴ ማቋቋም ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

እኛስ? ስልካችን ላይ ካሜራ አለ። ሰፈራችሁ አጠገብ ካባ ካለ ከታች የሚወርደውን ውሃ ዛሬ አንድ ጊዜ፣ ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላ ደግሞ ከዚያው ቦታ ቆማችሁ አንስታችሁ ቀኑን ጻፉበት። ሁለቱን ፎቶ ይዛችሁ ወረዳ ሂዱ። «ጭቃ መጣብን» ከማለት ይልቅ ቀን ያለው ፎቶ ለመካድ ይከብዳል።

አሁን ግንቦት ነው። አጎቴ ያቺኑ ማሳ ዘንድሮም እያረሱ ነው። ትናንት ደውዬ ስጠይቃቸው ከበላይ አንድም ቦይ አልተቆፈረም።