የዋግ ጓዳ ድራማ ይገባዋል

ካኬይ የሚባል የቶኪዮ ጠበቃ ሰዓቱ ሲደርስ ፋይሉን ዘግቶ ከቢሮው ይወጣል። የሚቸኩለው ወደ ገበያ ነው። ዋጋ የቀነሰበትን አትክልትና ዓሣ እያማረጠ ይገዛል፤ ለሁለት ሰው የወር ቀለብ የመደበው 25 ሺህ የን ብቻ ስለሆነ ሳንቲሟን ሁሉ ይቆጥራል። ቤቱ ገብቶ ሽርጡን ያስራል፣ ይከትፋል፣ ይቀቅላል፣ ይጠብሳል። ፀጉር አስተካካዩ ኬንጂ ከሥራ ሲመለስ ማዕዱ ይቀርባል። ይበላሉ፣ የዋሉበትን ያወራሉ፣ አንዳንዴም ይኮራረፋሉ። ሁለቱ ወንዶች በአንድ ቤት የሚኖሩ ጥንዶች ናቸው።

ድራማው «ትናንት ምን በላህ?» ይባላል። ደራሲዋ ፉሚ ዮሺናጋ ታሪኩን በሥዕል እያስደገፈች በአንድ ሳምንታዊ መጽሔት ማውጣት የጀመረችው በ1999 ዓ.ም. ነው። ቴሌቪዥን ቶኪዮ ደግሞ ሂዴቶሺ ኒሺጂማንና ሴዮ ኡቺኖን አጣምሮ ከመጋቢት 2011 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በ12 ክፍል አሳየው። አርብ ሌሊት፣ ብዙው ሰው በሚተኛበት ሰዓት የጀመረ ሥራ ነበር። ግን ተወደደ፤ ፊልም ወጣለት፣ በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ሁለተኛው ምዕራፍ ተከተለ።

የሚያስገርመው በድራማው ውስጥ የሌለው ነገር ነው። ግድያ የለም፣ ክህደት የለም፣ አደባባይ የወጣ ሰልፍ የለም። በአንደኛው ክፍል ካኬይ በርካሽ የሚሸጥ ትልቅ ሐብሐብ ያይና ሙሉውን ለሁለት ሰው መግዛት ያሳስበዋል፤ እዚያው ገበያ ያገኛት የማያውቃት የቤት እመቤት ግማሽ ግማሽ እንካፈል ትለዋለች። ከዚያ ሐብሐብ የዓመታት የቤተሰብ ወዳጅነት ይወለዳል። ጠቡም እንደዚያው ትንሽ ነው። ኬንጂ የፍቅር ጓደኛዬ ጠበቃ ነው ብሎ ለደንበኛው አውርቷል፤ በመሥሪያ ቤቱ ማንነቱን ደብቆ የኖረው ካኬይ ይቆጣል። እራት እየቀዘቀዘ ሁለት ሰዎች ሲኮራረፉ ተመልካች ያያል። የኅብረተሰቡ ትልቁ ጥያቄ በዚያች ጠባብ ኩሽና ውስጥ ተቀምጧል፤ ማንም ግን ተነስቶ ንግግር አያደርግም።

ከወላጆች ጋር ያለው ታሪክ ይበልጥ ይከብዳል። በመጀመሪያው ምዕራፍ ማብቂያ ካኬይ ለአዲስ ዓመት ኬንጂን ይዞ ወላጆቹ ቤት ይሄዳል፤ አሮጊቷ እናት እንግዳዋን ለማስተናገድ የተቻላትን ታደርጋለች። ቀላል ሥራ የሚሠራ ደራሲ እዚህ ላይ እርቅ አውጆ መጋረጃውን ይዘጋ ነበር። በ2014 ዓ.ም. የወጣው ፊልም ግን ያ ጉብኝት እናትየዋን እንዴት እንደጎዳት፣ ወላጆቹም ሁለተኛ ይዘኸው አትምጣ እስከማለት እንደደረሱ ያሳያል። እናት ልጇን ትወዳለች፤ መቀበል ግን አልቻለችም። ሁለቱም እውነት ሆነው ይቀጥላሉ። ይህን የመሰለ ሐቀኝነት በየትኛውም አገር ድራማ ብርቅ ነው።

ጃፓን ራሷ ጉዳዩን አልቋጨችም። የሺቡያና የሴታጋያ ወረዳዎች በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ለተመሳሳይ ፆታ ጥንዶች የአብሮነት ምስክር ወረቀት መስጠት ቢጀምሩም፣ የአገሪቱ ሕግ ጋብቻቸውን አያውቅም። የሳፖሮ አውራጃ ፍርድ ቤት በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ይህን መከልከል ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ሲል፣ የኦሳካው አቻው በ2014 ዓ.ም. አይጥስም ብሏል። በኢትዮጵያ ደግሞ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን በወንጀልነት ይደነግጋል፤ የሃይማኖት ተቋማትም አቋማቸው የታወቀ ነው። እንዲህ ያለ ድራማ እዚህ ተሠርቶ ይታያል ብሎ የሚጠብቅ የለም። አንባቢውም የራሱ እምነት አለው፤ ድራማው ያንን እምነት ሊሟገት አልመጣም። ያደረገው አንድ ነገር ነው። ተመልካቹ በክርክር ርዕስነት ብቻ ያውቃቸው የነበሩ ሰዎችን የገበያ ዘንቢላቸውን፣ የወር ወጪያቸውን፣ የእናታቸውን ሕመም አሳየው። ከዚያ በኋላ ሰዎቹ ርዕስ ብቻ ሆነው አይቀሩም።

ይህ ዘዴ ለሌላም ይሠራል። በርዕስ ብቻ የሚታወቅ ሕዝብ ኢትዮጵያ ውስጥ ከተፈለገ፣ በአማራ ክልል በዋግ ኽምራ፣ በከተማዋ በሰቆጣና በዙሪያዋ አለ።

ዋግና ቴሌቪዥን የተዋወቁት በረሃብ ነው። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን እልቂት ቀርፆ ለእንግሊዝ ተመልካች አሳየ። ያው ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብር ሥዕሎች ጋር ተቀነባብሮ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀረበ፤ በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ዋግ ያኔ ከወሎ አውራጃዎች አንዱ ነበር። የዚያ አገር ገበሬ በአገሩ ቴሌቪዥን በሰፊው ሲታይ ከፊቱ ባዶ ገበታ ነበር፤ ምስሉም ያገለገለው ለሥልጣን ለውጥ ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ማይክል በርክና ካሜራ ባለሙያው መሐመድ አሚን ከሰቆጣ በስተምሥራቅ ካለችው ከኮረም ያጠናቀሩት የቢቢሲ ዘገባ ተሠራጨ፤ ከ400 በላይ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ደጋግመው አሳዩት። ዘገባው እርዳታ አምጥቷል፣ ነፍስም አድኗል፤ ማንም ሊያጣጥለው አይገባም። ሆኖም ዋግን ለማያውቅ ሰው ዋግ ማለት ያ ምስል ሆኖ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ አልተለወጠም። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስቀረት ቃል ሲገባ፣ ሰነዱን «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ብሎ ሰየመው። የከተማዋ ስም ለረሃብ ማስታወሻ መመረጡ ነው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ሰቆጣ ገባ፤ ከአበርገሌና ከጻግብጂ ወረዳዎች የተፈናቀሉ ቤተሰቦች በከተማዋ ዙሪያ ባሉ መጠለያዎች ለረጅም ጊዜ ኖሩ። በ2016 ዓ.ም. ሰሃላ፣ ዝቋላና አበርገሌ በድርቅ ተመቱ፤ ካሜራም ተመልሶ መጣ። በየዓመቱ በነሐሴ አጋማሽ ደግሞ ልጃገረዶች ቄጠማውን ወገባቸው ላይ አስረው ሻደይ ሲጨፍሩ ይታያል። አልፎ አልፎ የውቅር መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንና የዋግ ሹሞች ታሪክ በዘጋቢ ፊልም ይቀርባል። ረሃብ፣ በዓል፣ ታሪክ። ተራው ማክሰኞ የለም።

ዋግ ኽምራ በ1999ኙ ቆጠራ ከ426 ሺህ በላይ ሰው የተመዘገበበት ምድር ነው። ይህ ሁሉ ሰው አብዛኛውን ዕድሜውን የሚኖረው በተራው ማክሰኞ ነው፤ እሳት እያነደደ፣ ልጅ ትምህርት ቤት እየሰደደ፣ ከጎረቤት በርበሬ እየተበደረ፣ ከአማት ጋር እየተጨቃጨቀ።

እዚህ ላይ የካኬይ 25 ሺህ የን መታወስ አለበት። ያ ቁጥር ለድራማው ጌጥ ሳይሆን አንቀሳቃሽ ሞተሩ ነው፤ ስንቱ ተገዛ፣ ምን ተረፈ፣ ለነገ ምን ይደረግ የሚለው ነገር ታሪኩን ወደፊት ይወስደዋል። አሁን በ1997 ዓ.ም. ከተጀመረው ሴፍቲኔት ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል የሚሰፈርላትን የዝቋላ እናት እናስብ። ስንዴው ሲመጣ ምን ያህሉ ይፈጫል? ምን ያህሉ ተሸጦ ለደብተርና ለጨው ይሆናል? ማሽላው እስኪደርስ ስንት ሳምንት ቀረ? ዘመድ በድንገት ቢመጣ መሶቡ እንዴት ሳያሳፍር ይቀርባል? ይህች ሴት በየቀኑ የምትሠራው ስሌት ከቶኪዮው ጠበቃ ስሌት የረቀቀ ነው። በዜና ስትቀርብ ግን «ተረጂ» ተብላ ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ትናገራለች፤ ብልሃቷ፣ ቀልዷ፣ ኩራቷ ሳይታይ ዘገባው ያልቃል።

ታሪክ ደግሞ በዋግ አይጎድልም። በ2001 ዓ.ም. የተጠናቀቀው 188 ሜትር ከፍታ ያለው የተከዜ ግድብ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ፈጥሯል፤ ፍየልና በግ ሲያግዱ ያደጉ የአበርገሌና የዝቋላ ወጣቶች መረብ ጣዮች ሆነዋል። አንድ ልጅ በጾም ወቅት ዓሣ ይዞ ቤት ይገባል እንበል። እናቱ ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ክርክር ከአባቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ አያትየው ድስቷን አላስነካም ትላለች፤ ልጁ ያመጣው ገንዘብ ግን ለእህቱ ትምህርት ያስፈልጋል። ይህ ብቻውን አንድ ሙሉ ክፍል ነው። ሃይማኖት፣ ገንዘብ፣ የትውልድ ልዩነት፣ በውኃ የተዋጠ የግጦሽ መሬት ሁሉም ከአንድ ድስት ዙሪያ ይነሳሉ። የዋግ ነጭ ማር ዋጋ፣ ከመጠለያ ወደ ቀዬው የተመለሰ ቤተሰብ የፈረሰ ምድጃውን መልሶ ሲያቆም፣ በአካባቢው ቋንቋ በኽምጣኛ የሚያልም ልጅ በአማርኛ ሲፈተን፤ ሌሎቹም ክፍሎች ከዚህ ይወጣሉ።

የኢትዮጵያ ድራማ ቤት ውስጥ መግባት አያውቅም ማለት አይቻልም። «ቤቶች» ስሙንም ይዘቱንም ከቤት ወስዶ በሳቅ ተወዷል። «እረኛዬ» አዜብ ወርቁ፣ ቤዛ ኃይሉና ቅድስት ይልማ ገጠርን በክብር የጻፉበት ሥራ ነው፤ ተመልካች ለገጠር ታሪክ አይቀመጥም የሚለውን የቆየ ሰበብም ውድቅ አድርጓል። ችግሩ የአብዛኞቹ ድራማዎች ጉልቻ አዲስ አበባ መሆኑ ነው፤ ሳሎኑ ሰፊ፣ ሶፋው አዲስ፣ ቋንቋው አንድ። ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ቃና ቴሌቪዥን በአማርኛ ድምፅ ባቀረባቸው የቱርክ ድራማዎች የተነሳ ደግሞ ሰቆጣ ያለ ተመልካች የኢስታንቡልን ቁርስ ገበታ ለይቶ ያውቃል። የሰቆጣን ቁርስ ግን ደሴም ሆነ ባሕር ዳር ያለ ተመልካች በስክሪን አይቶት አያውቅም።

ድህነት ያለበት አካባቢ ድራማ አይሸጥም የሚል ካለ፣ ጃፓን ለዚህም መልስ አላት። ኤንኤችኬ በ1975 ዓ.ም. ማሳየት የጀመረው «ኦሺን» በአንድ ከረጢት ሩዝ ምክንያት በሰባት ዓመቷ ለግርድና የተላከች የጭሰኛ ልጅ ታሪክ ነው። እያንዳንዱ 15 ደቂቃ የሆነ 297 ክፍል ነበረው፤ በአማካይ ከጃፓን ቤተሰቦች ከግማሽ በላዩ ተከታትሎታል፣ ከ60 በላይ አገሮችም አሳይተውታል። ጃፓናውያን የኦሺን ትውልድ አገር የሆነችውን የያማጋታን ረሃብ ያዩት በአንዲት ልጅ ዕድሜ ውስጥ ስለነበር ያለቀሱት ለሚያውቋት ሰው ነው።

ሥራውን ለመጀመር የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። የቶኪዮው ድራማ አብዛኛው ክፍሉ አንድ ኩሽና፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ተዋንያን ነው። ለዋጉም አንድ የድንጋይ ቤት፣ አንድ ምድጃ፣ አምስት ስድስት ሰው ይበቃል። ዋናው ጥንቃቄ ሌላ ነው፤ ድራማው የድርጅት መልእክት ማስተላለፊያ እንዳይሆን። የልጅ አመጋገብን ለማስተማር ተብሎ የሚጻፍ ድራማ ገጸ ባሕርያቱን ወደ ጤና ኤክስቴንሽን ፖስተር ይለውጣቸዋል። ካኬይ ተመልካቹን ስለ ምንም አያስተምርም፤ እራት ይሠራል። የዋግ እናትም እራቷን ትሥራ።

የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን (አሚኮ) በኽምጣኛ በራዲዮና በቴሌቪዥን ያሰራጫል፤ ስለዚህ ቋንቋውን የሚያውቅ ባለሙያም፣ የአየር ሰዓትም በእጁ አለው። ዜናና ውይይት ከሚቀርብበት ሰዓት በሳምንት ግማሽ ሰዓት ለተከታታይ ድራማ ይስጥ። ድርሰቱን የዋግ ልጆች ይጻፉት፣ ተዋንያኑ ኽምጣኛን ከእናታቸው ጓዳ የተማሩ ይሁኑ፣ ከሥሩ የአማርኛ ጽሑፍ ይውጣለትና አዲስ አበባም ጎንደርም ይየው። ለመጀመሪያው ዙር 12 ክፍል በቂ ነው፤ የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደርም የሻደይን በዓል በየዓመቱ ለማስተዋወቅ ከሚመድበው ገንዘብና ጉልበት ጥቂቱን ለዚህ ያካፍል።