ሳይነበብ ድምፅ አይሰጥም!

እዚህ በኮልፌ ቀራንዮ፣ ከአየር ጤና እስከ ቤተል፣ ከአጠና ተራ እስከ ካራ ቆሬ፣ የአየር መንገድ ሠራተኞች የእኛ የተማሪዎች ጎረቤቶች ናቸው። ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው ከተማውን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ አቋርጠው ቦሌ ይገባሉ። ሻንጣ ይጭናሉ፣ ሞተር ይፈታሉ፣ ምግብ ያሰናዳሉ፣ አውሮፕላን ያጸዳሉ። «ጊዜው ክፉ ስለ ሆነ ከኅብረት ስምምነታችን ጥቂት ጥቅም እንልቀቅ» የሚል ወሬ በተሰማ ቁጥር በመካከላቸው አንድ ክርክር ይነሣል። አንዱ ወገን «መሪዎቻችን የሚበጀውን ያውቃሉ፤ እንመናቸው» ይላል። ሌላው ወገን «መሪዎቹ አድርባዮች ናቸው፤ ይውረዱ፤ አለዚያ ሌላ ማኅበር እናቁም» ይላል።

እኛ ግን ሁለቱም ወገኖች ዋናውን ጥያቄ ስተውታል እንላለን። ጥያቄው ማን ይምራ አይደለም፤ ማን ይወስን ነው!

እስቲ ሕጉን እንመልከት። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 የአየር ትራንስፖርትን እጅግ አስፈላጊ ከሆኑት የሕዝብ አገልግሎቶች ጋር ይቆጥረዋል። በዚህም ምክንያት የአየር መንገድ ሠራተኛ ሥራ ማቆም አይፈቀድለትም። ኢትዮጵያ የመደራጀት ነፃነትን የሚያስከብረውን የዓለም አቀፉን የሥራ ድርጅት 87ኛ ስምምነት የተቀበለችው በ1955 ዓ.ም. ነው። የዚያ ድርጅት የመደራጀት ነፃነት ኮሚቴ ግን አስፈላጊ አገልግሎት ብሎ የሚቀበለው የአየር ትራፊክ ቁጥጥርን እንጂ ጠቅላላውን የአየር ትራንስፖርት አይደለም። የእኛ ሕግ ሁሉንም በአንድ ገመድ አሰረ። በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች የደመወዝ ጥያቄ አንሥተው ሥራ ባቆሙ ጊዜም ዘጠኙ መታሰራቸው የሚታወስ ነው።

እንግዲህ አድማ የተከለከለ ሠራተኛ በእጁ ምን ቀረው? ድምፁ ብቻ! እርሱም ቢሆን በሕጉ ያልተጠበቀ ነው። ሥራ ማቆም በተፈቀደበት ድርጅት እንኳ አድማ የሚደረገው ከማኅበሩ አባላት ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው በተገኙበት ስብሰባ አብዛኛው ሲደግፈው ነው። ለመደራደርና ለመፈረም ግን የማኅበሩ መሪዎች ወይም በመተዳደሪያ ደንቡ ሥልጣን የተሰጣቸው አባላት ይበቃሉ። የተፈረመውም ስምምነት ሌላ ቃል ካልተጻፈበት በቀር ሦስት ዓመት ይጸናል። ልብ በሉ! አንድ ቀን ሥራ ለማቆም የብዙኃኑ ድምፅ ይፈለጋል፤ የሦስት ዓመት እንጀራ ለመልቀቅ ግን የጥቂት ሰዎች ፊርማ ይበቃል።

«ችግሩ እኮ እውነተኛ ነው» የሚሉ አሉ። እኛም ችግር ሁሉ ሐሰት ነው አንልም። በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ የዓለምን ሰማይ በዘጋ ጊዜ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመንገደኞች አውሮፕላኖችን ወንበር ነቅሎ ዕቃ ጭኖባቸዋል፤ ከመንግሥት የመታደጊያ ገንዘብ ሳይጠይቅ ማለፉንም በኩራት ተናግሯል። ኩራቱ የሠራተኛውም ነው፤ ወንበሩን የነቀሉት እጆች የእርሱ ናቸውና። ነገር ግን ችግር በመጣ ጊዜ ሁሉ የሚከፈተው በር አንድ ብቻ የሆነው ለምንድን ነው? ሕጉ ከፍተኛ የኢኮኖሚ ለውጥ ከደረሰ ሦስት ዓመቱ ሳይሞላ ከሁለቱ ወገኖች አንዱ የስምምነቱን መሻሻል ሊጠይቅ ይችላል ይላል። ከሁለቱ አንዱ ነው የሚለው፤ አሠሪው ብቻ አይልም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለገበያ በተለቀቀ ጊዜ 57 ብር ያህል የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። አብዛኛው ገቢው የውጭ ምንዛሪ የሆነ ድርጅትና ደመወዙን በብር የሚቀበል ሻንጣ ጫኝ በዚያ ወር እኩል ተመቱን? ይህ ከፍተኛ የኢኮኖሚ ለውጥ ካልተባለ ምን ሊባል ነው? በሩን ሠራተኛውም ያንኳኳ!

ድምፅ መስጠት ብቻውን ግን አያድንም። በ1995 ዓ.ም. አሜሪካን ኤርላይንስ የተባለው ታላቅ ኩባንያ ከኪሣራ ለመዳን በዓመት 1.8 ቢሊዮን ዶላር ያህል ከሠራተኛ ወጪ ይቀነስ ብሎ ጠየቀ። የአብራሪዎች፣ የበረራ አስተናጋጆችና የመካኒኮች ማኅበራት ነገሩን ለአባሎቻቸው ድምፅ አቀረቡ። አስተናጋጆቹ በጠባብ ልዩነት እምቢ አሉ፤ የድምፅ መስጫው ጊዜ በአንድ ቀን ተራዘመና እሺታ ተገኘ። ወዲያው ግን ኩባንያው ለከፍተኛ ሹማምንቱ ጉርሻ መመደቡ፣ ለጡረታቸውም ገንዘብ ለይቶ ማስቀመጡ ተሰማ። ሠራተኛው በኩባንያውም በገዛ መሪዎቹም ላይ ተቆጣ። ጉርሻው ተሰረዘ፤ ዋና ሥራ አስኪያጁ ዶናልድ ካርቲ ሚያዝያ 16 ቀን ሥራቸውን ለቀቁ። ውሉ ግን ጥቂት ተሻሽሎ ጸና። ያ ሁሉ መሥዋዕትነት ተከፍሎ ኩባንያው በኅዳር 2004 ዓ.ም. ከነኪሣራው ፍርድ ቤት ገባ። እነዚያ ሠራተኞች ድምፅ አላጡም፤ ያጡት ሒሳቡን አስቀድሞ ማየት ነው። ሳያዩ መምረጥ በጨለማ ገበያ እንደ መዋል ነው።

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር (ኢሠአማ) የካቲት 28 ቀን 1966 ዓ.ም. በአገራችን ታሪክ የመጀመሪያውን ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ ጠርቶ መንግሥትን አንቀጠቀጠ። መስከረም 14 ቀን 1968 ዓ.ም. ደግሞ ቦሌ ላይ የኢሠአማ ወረቀት በሚበተንበት ጊዜ ወታደሮች በአየር መንገድ ሠራተኞች ላይ ተኩሰው ሕይወት አጠፉ። ከጥቂት ቀናት በኋላ በአዲስ አበባ የአስቸኳይ ጊዜ ሁኔታ ታወጀ፤ በዚያው ዓመት ኢሠአማ ፈረሰ፤ በምትኩም ከላይ የተበጀ ማኅበር መጣ። የዚያን ቀን ደም የፈሰሰው ሠራተኛው ስለ ገዛ ማኅበሩ የተጻፈውን እንዳያነብ ነው። ዛሬ ማንም ሳይከለክለው ረቂቁን ሳያነብ እጁን የሚያወጣ አባል ይህን ያስብ!

«ሌላ ማኅበር እናቁም» ለሚሉት ወገኖቻችን ደግሞ አንድ ቃል አለን። በአንድ ድርጅት ከአንድ በላይ ማኅበር ማቋቋም ተፈቅዷል። ነገር ግን ለኅብረት ድርድር የሚቀርበው ከሠራተኛው 50 በመቶ ሲደመር አንድ ያቀፈው ማኅበር ነው። ማኅበሩ ለሁለት ተከፍሎ ሁለቱም ከግማሽ በታች ቢቀሩ ጠረጴዛው ላይ ማን ይቀመጣል? ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ድሩን ለሚበጥስ ሰው አይደለም። መሪውን ብቻ መለወጥም መድኃኒት አይሆንም፤ ደንቡ ካልተለወጠ አዲሱም መሪ በዚያው ወንበር ተቀምጦ በዚያው ብዕር ይፈርማል።

ታዲያ ምን ይደረግ? የማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ በጠቅላላ ጉባኤ ይሻሻልና እነዚህ አራት ነገሮች ይጻፉበት።

አንደኛ፣ ማናቸውም ጥቅም የሚቀንስ ረቂቅ ስምምነት ሙሉ ቃሉ ከድምፁ ቀን 15 ቀን አስቀድሞ በእያንዳንዱ አባል እጅ ይግባ።

ሁለተኛ፣ አሠሪው የተመረመረ ሒሳቡን፣ የሹማምንቱን ደመወዝና ጥቅማ ጥቅም ጭምር ካላሳየ ድምፅ አይጠራ።

ሦስተኛ፣ ድምፁ አለቃ በሚያይበት አዳራሽ እጅ በማውጣት ሳይሆን በምስጢር ይሰጥ፤ የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛውም በበረራ ላይ ያለውም ተራ ይጠበቅለት።

አራተኛ፣ የሚለቀቀው ጥቅም የሚመለስበት ቀን በስምምነቱ ይጻፍ። ቀን የሌለው ብድር ስጦታ ነው።

«ድርድር ምስጢር ይፈልጋል» የሚል መሪ ይኖራል። በድርድሩ ጊዜ ስልቱን ይደብቅ፤ አንከለክለውም። ውጤቱን ከላከው ሠራተኛ የሚደብቅ ግን ተወካይ መሆኑ ቀርቶ ደላላ ሆኗል። ታማኝ መሪም ይህን ደንብ አይፈራም፤ አሠሪው «አሁኑኑ ፈርም» ብሎ ሲያስጨንቀው «ያለ አባሎቼ ድምፅ አልችልም» የሚልበትን ጋሻ ይሰጠዋልና።

«ተማሪዎች ምን አገባችሁ? ደብተራችሁን ያዙ» የሚሉንም አይጠፉም። ነገ የምንቀጠረው እኛው ነን፤ ዛሬ የሚፈረመው ውል ነገ የእኛ ደመወዝ ነው። ስለዚህ የኮልፌ ቀራንዮ ተማሪዎች ሆይ፣ በየሰፈራችሁ ያለውን ሠራተኛ ቀርባችሁ «የማኅበርህን ደንብ አንብበኸዋል ወይ?» በሉት። ደንቡን ከያዘ አብራችሁት አንብቡ፤ ካልያዘም ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ጠይቆ ያምጣ፤ በማባዣችን እናባዛለታለን። መሪ ይመጣል፣ መሪ ይሄዳል፤ የሚያነብ አባል ያለው ማኅበር ግን አይሸጥም።

ይነበብ! ይመርመር! ከዚያ ድምፅ ይሰጥ!