ለማማው «አልችልም» ማለት ማን ያስተምር?

ሰሞኑን ካፌ ተቀምጠን የአውሮፕላን አደጋ ወሬ ተነሣ። አንዱ ወዳጄ ማኪያቶውን እያማሰለ «ምን ታካብዳለህ፣ ፓይለቱ ነዋ ያጠፋው!» ብሎ ዘጋው። እሱ ብቻ አይደለም እንዲህ የሚለው። አውሮፕላን በወደቀ ቁጥር መጀመሪያ የሚከሰሰው ሟቹ ነው። መልስ አይሰጥማ!

እስቲ የአንድ ልጅ ነገር ላንሣ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2006 እንግሊዝ አገር፣ ሳውዝኤንድ አውሮፕላን ማረፊያ፣ አንድ የ16 ዓመት ተማሪ ሴስና 150 የምትባለውን ባለሁለት ወንበር አውሮፕላን ብቻውን ያበራል። (እዚያ አገር መኪና ለመንዳት 17 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል፤ ለብቻ ለመብረር ግን 16 ይበቃል።) ያለ አስተማሪ ሲበር ገና ሁለተኛው ነበር። ዙሩን ጨርሶ ለማረፍ እየወረደ ሳለ ከኋላው ፈጣን አውሮፕላን መጣ። ከመቆጣጠሪያ ማማው ማረፉን ትቶ ዘወር እንዲል ታዘዘ። ልጁም እሺ አለ።

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ለማረፍ የተዘጋጀች ትንሽ አውሮፕላን ፍጥነቷን ቀንሳለች፣ ፍላፗን ዘርግታለች፣ መሬቱም ቀርቧል። ተማሪ የሚለማመደው ማረፍ ካልሆነለት ለሞተሩ ሙሉ ጉልበት ሰጥቶ ቀጥ ብሎ መውጣትን ነው። መጀመሪያ ዘወር በል ሲባል ግን ሌላ ነው። አውሮፕላን ሲታጠፍ ክንፉ የሚሸከመው ጫና ይጨምራል፤ ፍጥነት ካነሰው መሸከሙን ያቆማል። ፓይለቶች «ስቶል» ይሉታል። ከፍታ ካለ ይስተካከላል። እዚያ ዝቅታ ላይ ግን ጊዜ ከየት ይመጣል? አውሮፕላኗ ከማረፊያው አቅራቢያ ባለ መናፈሻ ውስጥ ተከሰከሰች። ልጁም ሞተ።

የአገሪቱ አደጋ መርማሪዎች «ልጁ አጠፋ» ብለው ፋይሉን ቢዘጉት ማን ይከለክላቸው ነበር? አልዘጉትም። ልምድ የሌለው ተማሪ ያልለመደውን ነገር መታዘዙን፣ ማማውም የተማሪውን ልምድ የሚያውቅበት በቂ መንገድ እንዳልነበረው ጽፈው ለሕዝብ አወጡት። ዛሬ እንግሊዝ አገር ለብቻው የሚበር ተማሪ በሬድዮ ሲጠራ ከመለያው በፊት «ተማሪ» ይላል። የኛው «ለማጅ» ማለት ነው። እኔ መኪና ስለማመድ ከኋላዬ ጥሩንባ ሲያስጮህ የነበረ ሚኒባስ ታክሲ ነበር፤ ረዳቱ ግን ታፔላዋን አይቶ «ተወው፣ ለማጅ ነው!» ሲለው ሾፌሩ ዝም አለ። ያቺ ቃል ስንቱን አትርፋለች! ለሳውዝኤንዱ ልጅ ግን በጊዜው አልደረሰችለትም።

እኛ ደግሞ ይህን ነገር በራሳችን ላይ አይተነዋል። እ.ኤ.አ. በማርች 2019 ኢቲ 302 ቢሾፍቱ አጠገብ ወድቆ 157 ሰው ሲያልቅ፣ አሜሪካ ምክር ቤት ውስጥ ሳይቀር በፓይለቶቹ ሥልጠና ላይ ጣት ተቀስሮ ነበር። አፍንጫውን ወደ መሬት የሚደፋው ኤምካስ የተባለው ሲስተም መሆኑ እየታወቀ! ቦይንግ ለተጎጂ ቤተሰቦች ካሣ ኃላፊነቱን የተቀበለው በኖቬምበር 2021 ነው። እስከዚያ ድረስ የሟቾቹን ስም ያጠቡት እናቶቻቸውና ባልደረቦቻቸው ነበሩ።

ወዳጄ ይህን ሁሉ ሰምቶ «ታዲያ ልጁ ለምን እሺ አለ?» አለኝ። ለምን አይል! እሱም እኔም ያደግነው ትልቅ ሰው ሲያዝ እሺ እንድንል ተደርገን ነው፤ የእንግሊዙም ልጅ ከዚህ የተለየ አስተዳደግ ያለው አይመስለኝም። በበረራ ሕግ ግን ፓይለቱ ትእዛዙ አደገኛ ከሆነበት «አልችልም» ብሎ የመመለስ መብት አለው፤ ቃሉም በሬድዮ ቋንቋ ውስጥ የተመደበ ነው። እንግዲህ ልጁን ለፓይለትነት የሚልክ ወላጅ ስለ ክፍያውና ስለ ዩኒፎርሙ ከመጠየቁ በፊት አስተማሪውን ይህን ይጠይቅልኝ፦ ልጄ ብቻውን ከመብረሩ በፊት ለማማው «አልችልም» ብሎ ስንት ጊዜ ተለማምዷል?