ትንሽ አይሮፕላኑን ብቻውን ወደ ቤቷ ስለሚያስገባ ሰው

ሰው ሁሉ ከፍ ብሎ የሚታየውን ሥራ ያደንቃል፤ ዝቅ ብሎ የሚሠራውን ግን ልብ የሚል ጥቂት ነው። አዝመራው ያማረለት ገበሬ ይመሰገናል፤ ከአዝመራ በኋላ ሞፈሩንና ቀንበሩን ከዝናብና ከምስጥ የሚሰውረውን ገበሬ ግን ጎረቤቱ እንኳ አያየውም። ዳሩ ግን የሚመጣው ዓመት እርሻ የተያዘው በዚያች በማትታየው ሥራ ነው። ይህን ነገር ለማስረዳት ከገበሬ ዕቃ የራቀ የሚመስል፥ ሕጉ ግን አንድ የሆነ ምሳሌ እናነሣለን፤ ይኸውም በገዛ እጁ የሠራትን ትንሽ አይሮፕላን ያለ ረዳት ወደ ማደሪያ ቤቷ፥ ሃንጋር ወደሚባለው፥ የሚያስገባ ሰው ነገር ነው።

በቤት የተሠራ አይሮፕላን ማለት ባለቤቱ ራሱ እንጨቱን ቈርጦ፥ ብረቱን በይዶ፥ ክንፉን ጨርቅ አልብሶ፥ ሞተሩን ገጥሞ የሠራው ነው። በአገራችንም እንዲህ ያለ ሥራ ተሞክሯል። አቶ አስመላሽ ዘፈሩ የተባሉ ሰው ከመጻሕፍትና በዩቲዩብ ከሚታዩ ትምህርቶች እየተማሩ፥ የቮልስዋገን መኪና ሞተር ገጥመው፥ አንዲት ትንሽ አይሮፕላን ሠርተው ስሟን ኬ-570ኤ አሏት። 570 የሚለው ቍጥር ሥራው የፈጀውን ቀን ያመለክታል። በሰኔ 2007 ዓ.ም. ለመብረር ያደረጉት የመጀመሪያ ሙከራ አልተሳካም፤ ቢሆንም ድካማቸውን ያየ ሁሉ አደነቀ። እኛ ግን አሁን የምንመለከተው በረራውን ሳይሆን ያን 570 ቀን ነው። አንድ ሰው አንድ ዓመት ከመንፈቅ በላይ የደከመበትን ዕቃ፥ ወደ ቤት ሲያስገባ በአንዲት ደቂቃ ችኮላ ከበር መቃን ጋራ አጋጭቶ ሊሰብረው ይችላልና።

ይህ ባዶ ፍርሃት እንዳይመስላችሁ የዓለም ታሪክ ምስክር ይሁን። ኦርቪልና ዊልበር ራይት የተባሉት ወንድማማቾች በታኅሣሥ 1896 ዓ.ም.፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1903፥ በአሜሪካ አገር በኪቲ ሆክ አጠገብ ባለው አሸዋማ ስፍራ ራሳቸው የሠሩትን አይሮፕላን በአንድ ቀን አራት ጊዜ አበረሩ። የመጨረሻው በረራ 59 ሴኮንድ ቈየ፤ 260 ሜትር ያህልም ተጓዘ። ከዚያ በኋላ አይሮፕላኒቱን ወደ ሰፈራቸው መልሰው ቆመው ስለ በረራው ሲነጋገሩ፥ ድንገት ነፋስ መጥቶ አነሣት፤ ደጋግሞም ገለበጣት። ጆን ዳንኤልስ የተባለው ረዳታቸው ሊይዛት ቢሞክር ከእርሷ ጋራ ተንከባለለ፤ በሕይወት ግን ተረፈ። አይሮፕላኒቱ ከዚያ ቀን ወዲህ ደግማ አልበረረችም። እንግዲህ አስተውሉ፤ በሞተር ኃይል ሰውን ተሸክማ በመሪዋ እየታዘዘች በመብረር የመጀመሪያ የምትባለው ያች አይሮፕላን የተሰበረችው በሰማይ አይደለም፤ በምድር ላይ ቆማ፥ ባለቤቶቿ ሥራው አለቀ ብለው በተዝናኑበት ሰዓት ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ወርዶ ቢሾፍቱንና ሞጆን ያለፈ መንገደኛ አዳማ፥ ናዝሬትም የምትባለው ከተማ፥ ሲቃረብ በኮረብቶቹ ላይ ታላላቅ ነጫጭ የነፋስ መዘውሮች ሲዞሩ ያያል። በ2004 ዓ.ም. 34፥ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ 102 መዘውሮች ተተክለው ለመብራት ኃይል ማመንጨት ጀመሩ፤ የሁሉም ኃይል ሲደመር 204 ሜጋ ዋት ነው። ይህን ያህል ወጪ በዚያ ስፍራ የፈሰሰው የአዳማ ነፋስ ብርቱ ስለ ሆነ ነው። ነፋስ ለመዘውሩ እንጀራው ነው፤ ላልታሰረች ትንሽ አይሮፕላን ግን ጠላቷ ነው። ክንፍ አየር በላዩ ሲያልፍ ይነሣል እንጂ፥ አየሩን ያመጣው ሞተር ይሁን ነፋስ አይመርጥም። ቀላል አይሮፕላን በሰዓት 60 ወይም 70 ኪሎ ሜትር ስትሮጥ ከመሬት የምትነሣ ከሆነች፥ በዚያው ፍጥነት ከፊት የሚመጣ ነፋስ ቆማም ሳለች ያነሣታል።

ከነፋሱም በቀር በስምጥ ሸለቆው ከመቂና ከዝዋይ እስከ ሻሸመኔ ድረስ በበጋ ከቀትር በኋላ የአቧራ አዙሪት ይነሣል። ፀሐዩም ጨርቅ የለበሰውን ክንፍ ያሣሣል፤ ዝናቡ የተጣበቀውን እንጨት ያላቅቃል፤ አይጥና ወፍ በሞተሩ ክፍል ጎጆ ይሠራሉ። ስለዚህ በእነዚህ ከተሞች ትንሽ አይሮፕላን ሊኖረው የሚወድ ሰው ከክንፉ አስቀድሞ የቤቷን ጣራ ማሰብ ይገባዋል።

ዳሩ ግን ቤት መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ የማስገባት ጥበብ ያስፈልጋል። ቢሾፍቱ ከ1939 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በስዊድናዊው በካውንት ካርል ጉስታቭ ቮን ሮዘን መሪነት የአገራችን አየር ኃይል የተደራጀበት ስፍራ ነው። እንዲህ ባለው ትልቅ የአይሮፕላን ሰፈር አይሮፕላን ወደ ቤት ሲገባ ሥራው ለብዙ ሰዎች ይከፈላል፤ አንዱ ጎታቹን መኪና ይነዳል፥ አንዱ የቀኙን ክንፍ ጫፍ ይጠብቃል፥ ሌላው የግራውን፥ ሌላው ጭራውን ይመለከታል። ብቻውን የሆነ ሰው ግን ዓይኑ ሁለት ብቻ ነው፤ ሁለቱም ወደ አንድ ወገን ያያሉ፤ የክንፉ ጫፎች ግን ስምንት ወይም ዘጠኝ ሜትር ተራርቀው ይቆማሉ። የቀኙን ሲያይ ግራው ይመታል፤ ሁለቱን ክንፎች ሲጠብቅ ጭራው ግድግዳ ይነካል።

ክብደቷም ሰውን ያታልላል። በቤት ከተሠሩት ብዙዎቹ ባዷቸውን ከ200 እስከ 400 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ። በለሰለሰ ወለል ላይ አንድ ሰው እየገፋ ያስኬዳቸዋል፤ ስለዚህ ሰውየው ጉልበቴ በቂ ነው ብሎ ይመካል። ነገር ግን ዝናብ እንዳይገባ ተብሎ ከበሩ በታች የተሠራው ትንሽ አቀበት ሲደርስ አይሮፕላኒቱ ወደ ኋላ ትመለሳለች። ያን ጊዜ የደነገጠ እጅ ያገኘውን ሁሉ ይይዛል፤ በክንፉ ጠርዝ የሚንቀሳቀሰውን ስሱን ቅጠል፥ ወይም የጭራውን መሪ ይጨብጣል፤ ጨብጦም ያጣምመዋል። በማግሥቱ ይህን ሳያይ ቢበር ጥፋቱ የዕቃ ብቻ አይሆንም።

ከሁሉ የሚያስፈራው ፕሮፔለሩ ነው፤ ሲያዩት ለመጎተት የተሠራ እጀታ ይመስላልና። ለሞተሩ እሳት የሚሰጠው ማግኔቶ የሚባለው መሣሪያ ያለ ባትሪ ይሠራል፤ የማጥፊያው ሽቦ ተበጥሶ እንደ ሆነ ቍልፉ ተዘግቶ ሳለ እንኳ ፕሮፔለሩ ጥቂት ቢዞር ሞተሩ ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ ዐዋቂዎች ፕሮፔለርን ሁልጊዜ እንደ ተጐረሰ ጠመንጃ ይቈጥሩታል።

እንግዲህ ብቻውን የሚሠራው ሰው ምን ያድርግ? ሥራውን አይሮፕላኒቱ ከመምጣቷ በፊት ይሥራ። ረዳት በነበረበት አንድ ቀን አይሮፕላኒቱን በትክክል ወደ ቤቷ ያስገባት፤ ከዚያም መንኰራኵሮቿ ያለፉበትን በወለሉ ላይ በቀለም ያስምር፤ መቆሚያዋም ላይ መንኰራኵሩን የሚያቆም እንጨት ይቸንክር። ከዚያ ወዲያ ወደ ክንፉ ጫፍ እየሮጠ ማየት አያስፈልገውም፤ መንኰራኵሩ መሥመሩን ካልለቀቀ ክንፉም ግድግዳውን አይነካም። ለአቀበቱም በቤቱ ውስጥ በእጅ የሚዞር የገመድ መጠቅለያ ይትከል፤ ገመዱንም በብርቱው በመንኰራኵሩ እግር ላይ አስሮ ቀስ ብሎ ይሳባት። ታኮውን በገመድ አስሮ ከመንኰራኵሩ ኋላ ያስከትለው፤ ቢደክመው ወይም ገመዱ ቢላላ ታኮው ይይዝለታልና። ነፋስ ካለ አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ አዙሮ ይሰራት፥ እስኪያልፍም ይጠብቅ፤ ነፋስ ያልፋል፥ የተሰበረ ክንፍ ግን በአንድ ሌሊት አይጠገንም። በመጨረሻም የሞተሩን ቍልፍ፥ የነዳጁን መዝጊያ፥ ታኮውን፥ ማሰሪያውን፥ በሩን እያንዳንዱን በጣቱ እየነካ ይመርምር።

ምናልባት ከእናንተ አንዱ፥ «ሰው በሞላበት አገር ይህ ሁሉ ለምን ያስፈልጋል? መኪና በጭቃ ሲያዝ መንገደኛው ሁሉ ሮጦ ይገፋ የለምን? አባቶችስ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ብለው የለምን?» ይል ይሆናል። ነገሩ መልካም ነው፤ ይህ የመረዳዳት ልማድ የአገራችን ክብር ነው። ነገር ግን መኪና ወፍራም ብረት ነው፤ ቢገፉት አይጎዳም። አይሮፕላን ግን ቀላል እንድትሆን ተብላ ስስ ሆና የተሠራች ናት፤ የት እንደሚገፋ ያልተነገረው ቅን ወጣት በፍቅር ይገፋና ጎኗን ያጐደጕዳል። ጥፋቱም የርሱ አይደለም፤ ሳያስተምር የጠራው ሰው ነው። ስለዚህ ረዳት ከተገኘ እሰዬው፤ ግን አስቀድሞ እጁን የሚያሳርፍበት ስፍራ ይታየው፥ ቁም ሲባል እንዲቆም ይነገረው። ረዳት ከሌለ ደግሞ ብቻን መሥራት የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ የሚያሳፍረው ሳይሰናዱ ብቻን መሥራት ነው።

የእኛም አሳብ ይህ ነው። ብቻውን የሚሠራ ሰው የሚመካበት ጉልበቱ ሊሆን አይገባም፤ መሰናዶው ሊሆን ይገባል። በጉልበት የሚታመን ሰው መቶ ጊዜ ያስገባ ይሆናል፤ በመቶ አንደኛው ቀን ግን ይደክመዋል፥ ይመሽበታል፥ ወይም ነፋስ ይቀድመዋል። መሥመር አስምሮ ታኮ ያሰናዳ ሰው ግን በደከመው ቀን ትናንት ያሰበው አሳብ ይረዳዋል። በእውነቱ ይህ ሰው ብቻውን አይደለም፤ ዛሬ የሚገፋው ሰውና ትናንት ያሰናዳው ሰው ሁለት ሆነው ይሠራሉ። ደግሞም የሚያየው ሰው ስለሌለ፥ ችኮላውን የሚገሥጽለት ራሱ ብቻ ነው። «ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረት ለዚህ ሰው ሌላ ትርጕም አለው፤ እንቍላሉ ቢቸኩል ኖሮ ከመፈልፈሉ በፊት ይሰበር ነበር።

በጥበቃ የሚገኘውን ጥቅም የምታሳይ ሌላ አይሮፕላን አለች። በጣሊያን ወረራ ዋዜማ፥ በ1927ና በ1928 ዓ.ም.፥ ሉድቪግ ዌበር የተባለው ጀርመናዊ የአይሮፕላን ነጂ ከኢትዮጵያውያን ጋራ ሆኖ በአዲስ አበባ ለሁለት ሰው የምትበቃ አንዲት አይሮፕላን ሠራ። በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ስም ፀሐይ ተባለች። ጦርነቱ ግን ጊዜ አልሰጣትም፤ ጣሊያኖች ማርከው ወደ አገራቸው ወሰዷት፤ በኋላም በሮም አጠገብ በቪኛ ዲ ቫሌ ባለው የአየር ኃይል ሙዚየም ተቀመጠች። በጥር 2016 ዓ.ም. የኢጣሊያ መንግሥት በይፋ ለኢትዮጵያ አስረከባት። መወሰዷ በደል ነበረ፤ ይህን አንረሳም። ነገር ግን ከ88 ዓመት በኋላ የምትመለስ ፀሐይ የተገኘችው ይህን ሁሉ ዘመን ከጣራ በታች ስለ ተጠበቀች ነው። በሜዳ ተጥላ ቢሆን ኖሮ የምንቀበለው ስሟን ብቻ ነበር። አሁን ጠባቂዎቿ እኛ ነን፤ ጠላት እንኳ ያላጠፋውን እኛ በቸልታ ብናጠፋው ማንን እንከሳለን?

ልጆች ሆይ፥ ከእናንተ ብዙዎቹ አይሮፕላን አትሠሩ ይሆናል። ነገር ግን ሁላችሁም ጨርሳችሁ የምታስቀምጡት ሥራ፥ ማንም ሳያያችሁ ወደ ስፍራው የምትመልሱት ዕቃ ይኖራችኋል፤ አናጢው መጋዙን፥ ሐኪሙ መሣሪያውን፥ ተማሪው መጽሐፉን። ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ መጠንቀቅ ቀላል ነው። ሲመሽ፥ ሲደክማችሁ፥ ተመልካቹም ሁሉ ሲበተን ግን ታኮውን ከመንኰራኵሩ ኋላ ሳታኖሩ ገመዱን አትልቀቁ።