ቋንቋን በአምስት ደቂቃ መልመድ ይቻላልን?

«ሐምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፤ ለሐምሳ ሰው ጌጡ ነው» ሲባል ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። ምሳሌው የተነገረው ሥራን ለሰዎች ስለ ማካፈል ነው፤ ነገር ግን ሥራን ለቀናት ስለ ማካፈልም ሊነገር የሚችል ይመስለናል። ሐምሳ ቃል በአንድ ሌሊት ላጥና ብሎ የተነሣ ሰው ሸክም ተሸክሞ ያድራል፤ ሐምሳውን ቃል በየቀኑ ጥቂት ጥቂት አድርጎ ያከፋፈለው ግን ሳይታክት ጌጥ ያደርገዋል። ዛሬ ከአንባቢዎቻችን ጋር ልንነጋገርበት ያሰብነው ጉዳይ ከዚሁ የሚነሣ ነው፤ ይኸውም፥ በሥራ ላይ ላሉ ወጣቶች በስልክ የሚላክ አጭር የቋንቋ መልመጃ እንዴት ቢዘጋጅ ይጠቅማል? የሚለው ነው።

ነገሩን እንድናስብበት ያደረገን የሞጆ ደረቅ ወደብ ነው። ሞጆ ከአዲስ አበባ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ መንገዱ ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ አንዱ መንገድ በአዳማ በኩል ወደ ጅቡቲ፥ ሁለተኛው በባቱ በኩል ወደ ሐዋሳ ይወስዳል። የአሮጌው ምድር ባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የገባው በዚችው ከተማ በኩል አልፎ ነው። አገራችን የባሕር በር ስለሌላት፥ ከጅቡቲ ከሚነሣው ኮንቴይነር ብዙው እስከ ሞጆ ድረስ እንደ ታሸገ ይመጣና የጉምሩኩ ሥርዐት በዚያ ይፈጸምለታል። ስለዚህ ሞጆ ውሃ ባይኖራትም በእውነት ወደብ ናት፤ ወደብ ባለበት ደግሞ የቋንቋ ብዛት አይቀርም።

የዕቃው ሰነድ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ይመጣል። የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ በአማርኛ ይጻፋል። ከወደቡ አጥር ወጥቶ ወደ ከተማው አስተዳደር ወይም ወደ ቀበሌ የሄደ ሰው ደግሞ ጉዳዩ የሚጻፍለት የኦሮሚያ ክልል የሥራ ቋንቋ በሆነው በአፋን ኦሮሞ ነው። ሾፌሩና ረዳቱ፥ ጫኝና አውራጁ፥ ቡና የምታፈላው እመቤት ሁሉ እንደየተወለዱበት አገር የሚጫወቱበት ቋንቋ ቢለያይም፥ የአካባቢው ሰው መነጋገሪያ አፋን ኦሮሞ መሆኑ የታወቀ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ወጥተው በቅርቡ በዚያ አገር ሥራ የያዙ ጓደኞቻችን ሰነዱን ማንበብ አላቃታቸውም፤ ያቃታቸው ሰውየውን በቋንቋው ሰላም ማለት ነው።

የሚኒስትሮች ምክር ቤት በየካቲት ወር 2012 ዓ.ም. ያጸደቀው የቋንቋ ፖሊሲ፥ ከአማርኛ ጋር አፋን ኦሮሞ፥ ትግርኛ፥ ሶማልኛና አፋርኛ የፌዴራል መንግሥቱ የሥራ ቋንቋዎች እንዲሆኑ የሚያመለክት ነው። ሆኖም ፖሊሲ ብቻውን የማንንም አፍ አይፈታም፤ ከወረቀት ወደ አንደበት የሚያደርሰው ልምምድ ነው። ለልምምድ ደግሞ ጊዜ ያስፈልጋል። ከጧት እስከ ማታ ሥራ ላይ የሚውል ወጣት በእውነት የራሱ ነው የሚባለው ጊዜ ሰርቪስ ሲጠብቅ ወይም ሻይ እስኪቀርብለት ድረስ ያለችው አምስት ደቂቃ ናት። እኛም ይህችን አምስት ደቂቃ ለመጠቀም አሰብን።

የመጀመሪያው ሙከራችን ከሽፏል፤ ይህን ለመናገር አናፍርም። በየቀኑ 20 የአፋን ኦሮሞ ቃላት ከአማርኛ ትርጕማቸው ጋር እየደረደርን በቴሌግራም ላክንላቸው። ዛፍ፥ ላም፥ ወንዝ፥ ንጉሥ የመሳሰሉትን ከመጽሐፍ እየለቀምን ማለት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም አመሰገኑን። በሦስተኛው ሳምንት መልመጃውን የሚከፍተው ያዘጋጀነው እኛው ብቻ ሆንን። ከጓደኞቻችን አንዱ ሲነግረን፥ «ላምንም ንጉሥንም ዐወቅሁ፤ እስካሁን ግን በር ላይ ላምም ንጉሥም አልገጠመኝም» አለን። ቃሉ ትክክል ነበር።

ሁለተኛው ሙከራችን ከበር ላይ የተነሣ ሆነ። ሠራተኛው በየቀኑ የሚናገራቸውን አጫጭር ዐረፍተ ነገሮች ሰበሰብን፤ ና፥ አቁም፥ ወደ ቀኝ፥ ቀስ በል፥ ወረቀትህ የት አለ? የሚሉትን። ይህኛውን ወደዱት። ነገር ግን እዚህም ላይ ጥፋት ሠራን። «አቁም» የሚለውን «ዻቢ» ብለን ጻፍንና አለፍን። አንድ ጓደኛችን በማግሥቱ አባቱን ሊሆኑ ለሚችሉ ሾፌር ይህንኑ ቃል በኩራት ጮኾ ነገራቸው። ሰውየው መኪናቸውን አቆሙ፤ ወርደውም በአማርኛ፥ «ልጄ፥ እንዲህ የሚባለው ለታናሽ ወንድምህ ነው፤ ለእኔ ‹ዻባ› ትላለህ» ብለው ቀስ አድርገው አስረዱት። እርሱም ዐፈረ፤ ከእርሱ ይልቅ ግን ልናፍር የሚገባን እኛ ነበርን። በአማርኛ «አንተ»ና «እርስዎ» እንዳለ ሁሉ፥ በአፋን ኦሮሞም ታላቅ ሰው በብዙ ቍጥር ይጠራል፤ «አከም ጅርተ» ለእኩያ፥ «አከም ጅርቱ» ለታላቅ ነው። እኛ ቦታ ለመቆጠብ ብለን የቈረጥነው አክብሮትን ኖሯል። መልመጃ ሲያጥር ከሁሉ በፊት የሚቈረጠው ይህ ከሆነ፥ ባያጥር ይሻላል።

ከነዚህ ሁለት ስሕተቶች የተማርነውን ለአንባቢ እናካፍል።

አንደኛ፥ የመልመጃው ቃል ከተማሪው ኑሮ ይወሰድ። ይህ አዲስ ጥበብ አይደለም። ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ገኖ እ.ኤ.አ. በ1894 በምጽዋ አጠገብ በምትገኘው በሞንኩሉ ያሳተሙት የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ በሕዝብ አፍ የነበሩ ተረቶችንና ምሳሌያዊ አነጋገሮችን የያዘ ነበር። በአሮጌው ምድር ባቡር ዘመንም ፈረንሳይኛ የመሥሪያ ቤቱ ቋንቋ ስለ ነበረ፥ ብዙ ሠራተኞች ፈረንሳይኛን የለመዱት በሥራቸው ላይ ነው።

ሁለተኛ፥ ፊደል የሚሸሽገውን ጆሮ እንዲሰማው ይደረግ። አፋን ኦሮሞን በግዕዝ ፊደል ብንጽፈው «በዳ» ላልቶ ሲነበብ «መጥፎ»፥ ጠብቆ ሲነበብ «ደጋ» ማለት ይሆናል፤ በጽሑፍ ግን አንድ ነው። በላቲን ፊደል የተመሠረተው ቁቤ የሚጠብቀውን ፊደል ደግሞ ስለሚጽፍ ይህ ችግር የለበትም። መጥበቅና መላላት ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም፤ «አለ» እና «ገና» የሚሉትን ቃላት ማሰብ ይበቃል። እንግዳ የሚሆንበት የአናባቢው ርዝመት ነው። «ለፈ» መሬት ነው፤ «ላፋ» ለስላሳ ነው። ከእኛ ርቆ በማሊ የሚነገረው ባምባራም ተመሳሳይ ጣጣ አለበት፤ የድምፁ ከፍታና ዝቅታ የቃሉን ትርጕም ይለውጣል፥ በተለመደው ጽሕፈት ግን አይታይም። ስለዚህ አፋን ኦሮሞም ሆነ ባምባራ በስልክ ለሚማር ሰው፥ ድምፅ የሌለው መልመጃ ግማሽ መልመጃ ነው።

ሦስተኛ፥ በአንድ መልመጃ አንድ ነገር ብቻ ይሰጥ፤ የሚሰጠውም ብዙ የሚያገለግለው ይሁን። በአማርኛ አልመጣሁም፥ አልመጣህም፥ አልመጣችም፥ አልመጡም እያልን እንደ ሰውየው እንለዋውጣለን። በአፋን ኦሮሞ ግን ያለፈው ጊዜ አፍራሽ ለሁሉም አንድ ነው፤ «ሂን ዹፍኔ» ማለት ብቻ ነው። ይህን ያወቀ መልመጃ አዘጋጅ በመጀመሪያው ቀን «መጣሁ፥ መጣህ፥ መጣ» የሚለውን ሰንጠረዥ አይዘረጋም፤ «ሂን ዹፍኔ»ን ይሰጣል። ተማሪውም በዚያው ቀን አንድ እውነተኛ ጥያቄ መመለስ ይችላል።

አራተኛ፥ መልመጃው ስሕተትን ራሱ የሚያጋልጥ ይሁን። ይህን የተማርነው ከኮንቴይነሩ ነው። በእያንዳንዱ ኮንቴይነር ላይ 4 ፊደላትና 7 አኀዞች ተጽፈው ይታያሉ። የመጨረሻዋ አኀዝ ተራ ቍጥር አይደለችም፤ ከፊቷ ካሉት ከ10ሩ ፊደላትና አኀዞች በስሌት የምትገኝ መፈተሻ ናት። ጸሐፊው አንዱን አኀዝ ቢያሳስት፥ አብዛኛውን ጊዜ መፈተሻዋ አልስማማም ትላለች፤ ስሕተቱም አለቃ ሳይመጣ ይታወቃል። መልመጃም እንዲሁ ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ ያህል፥ በስልኩ ላይ ሾፌሩ «ወረቃን ኮ ዹፌራ?» ወረቀቴ መጥቷል ወይ? ብሎ ይጠይቃል። ተማሪው ገና አለመምጣቱ ተነግሮታልና «ለኪ፥ ሂን ዹፍኔ» ማለት አለበት። እንዲህ ያለ እንደ ሆነ ሾፌሩ «ዮም ዹፈ?» መቼ ይመጣል? ይለዋል፤ ተማሪውም «ቦሩ» ነገ ብሎ ይጨርሳል። ተሳስቶ መጥቷል ያለ እንደ ሆነ ግን ሾፌሩ «ኤሰ ጅረ?» የት አለ? ይለዋል። በዚህ ጊዜ ቀይ ምልክትም የመምህር ቍጣም ሳያስፈልግ፥ ጨዋታው ወደማይሆን አቅጣጫ መሄዱን ተማሪው ራሱ ይገነዘባል። በኑሮም የሚሆነው ይኸው ነው።

አምስተኛ፥ የተማረው ነገር ተመልሶ ይምጣ። ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው መጽሐፍ፥ ትርጕም የሌላቸውን ቀለማት ራሱ እያጠና በመፈተን፥ ሰው ያጠናውን አብዛኛውን የሚረሳው ወዲያው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት መሆኑን አሳየ። አሜሪካዊው ፖል ፒምስለር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1967 የቋንቋ ተማሪ ያጠናውን ቃል የሚከልስበትን ጊዜ እያራዘመ እንዲሄድ አመለከተ፤ ከሰኮንዶች ጀምሮ ወደ ደቂቃና ሰዓት፥ ከዚያም ወደ 1 ቀን፥ 5 ቀን፥ 25 ቀን እያለ ይቀጥላል። እኛም ዛሬ የላክነውን ዐረፍተ ነገር ነገ፥ በ5ኛው ቀንና በ25ኛው ቀን መልሰን መላክ ጀምረናል። አዲስ ቃል መጨመር ለአዘጋጁ ደስ ይለዋል፤ የቆየውን መመለስ ግን ለተማሪው ይጠቅመዋል።

አንዳንድ ሰዎች በዚህ ላይ የሚያነሡት ሁለት ተቃውሞ አለ። የመጀመሪያው፥ «በአምስት ደቂቃ ማን ቋንቋ ዐወቀ?» የሚለው ነው። እውነት ነው፥ በአምስት ደቂቃ መልመጃ ደራሲም ጠበቃም አይወጣም፤ ለዚያ መጽሐፍ፥ መምህርና ረጅም ዓመት ያስፈልጋል። እኛም ይህ የትምህርት ቤትን ቦታ ይውሰድ አላልንም። የምንለው፥ ከበሩ እስከ መዝገቡ ያለችውን መንገድ ለመሄድ ይበቃል ነው፤ በሩን የከፈተለት ሰው ደግሞ ወደ ውስጥ ለመግባት ይበረታታል።

ሁለተኛው፥ «ስልኩ ራሱ ይተረጕም የለም ወይ?» የሚለው ነው። በግንቦት ወር 2014 ዓ.ም. የጉግል መተርጐሚያ 24 ቋንቋዎችን በአንድ ጊዜ ሲጨምር፥ አፋን ኦሮሞና ባምባራ አብረው ገብተዋል። ይህ የሚያስደስት ነገር ነው፤ ደብዳቤ ለመረዳትም ይረዳል። ነገር ግን ሾፌሩ መሪውን እንደ ጨበጠ፥ ከኋላው መኪና ተሰልፎ፥ ወጣቱ ሠራተኛ ስልኩን አውጥቶ ሰላምታ ሲተረጕም ማየት ለማንም አያምርም። ሰላምታ ከሰው አፍ ካልወጣ ሰላምታ አይደለም።

በመጨረሻም ለእኩዮቻችን የምንለው ቃል አለን። አፋን ኦሮሞ የአፍ መፍቻ ቋንቋችሁ የሆነ ወጣቶች ሆይ፥ በሥራ ቦታችሁ በየቀኑ ከምትሰሟቸው ዐረፍተ ነገሮች አሥሩን በድምፃችሁ ቀድታችሁ አጠገባችሁ ለተቀመጠው የሥራ ባልደረባ ብትሰጡት፥ ከማናቸውም መጽሐፍ የበለጠ ትጠቅሙታላችሁ። አማርኛ የአፍ መፍቻችሁ የሆነም፥ አማርኛን ለሚለማመድ ባልደረባችሁ እንዲሁ አድርጉ፤ ብድሩ በሁለቱም በኩል ነውና። ቋንቋውን የምትማሩትም፥ የታላቅ ሰው አነጋገር ያልተጻፈበት መልመጃ ሲደርሳችሁ መልሳችሁ አዘጋጁን ጠይቁ፤ እኛን ጨምሮ።

ያ «ዻቢ» ያለው ጓደኛችን ዛሬም በወደቡ አካባቢ ይሠራል። ባለፈው ሰሞን ልንጠይቀው ሄደን ሳለ አንድ ሽማግሌ ሾፌር ወረቀታቸውን ተቀብለው ሲሄዱ «ገለቶማ» አሉት። እርሱም ስልኩን ሳያይ፥ ከወንበሩ ብድግ ብሎ መለሰላቸው።